ባሕሩ ሲሸሽ የምትታየው ድንጋይ፦ የአራት ቀን ማስታወሻ ከስኮትላንድ

ቀን አንድ፦ ኤድንብራ

ባቡሩ ከለንደን ሲነሳ ገና አልነጋም ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ዌቨርሊ ጣቢያ ስንወርድ ካፊያ ተቀበለን። ቦርሳዬን ማደሪያዬ ጣል አድርጌ ወዲያው ወጣሁ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አራት ቀን ፈቃድ ሳገኝ የሥራ ጓደኞቼ ፀሐይ ወዳለበት ሂጂ አሉኝ። እኔ ግን ከዓመት በፊት ስሟን የሰማኋት አንዲት ሴት ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች። ሊሊያስ ኤዲ ትባላለች። በ1704 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ጠንቋይ ነሽ ተብላ ታሰረች፣ እስር ቤት ሞተች፣ ባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀበረች። የተጫነባት ድንጋይ ዛሬም አለ። እሱን ለማየት ነው የመጣሁት። እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩ የጀመረበትን ማየት ፈለግሁ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ልበል። እኛ "ጠንቋይ" ስንል ቤቱ የታወቀ፣ ሰው ወረፋ የሚይዝለት፣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። እዚህ የተከሰሱት ሴቶች አብዛኞቹ እንደዚያ አልነበሩም። የጎረቤት ላም ወተቷ ሲደርቅ፣ ልጅ በድንገት ሲታመም፣ ጀልባ ሲሰጥም "እሷ ናት" የተባለባቸው ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው ቃል "ቡዳ" ነው። ቡዳ ነኝ ብሎ አደባባይ የሚወጣ የለም፤ የሚለጥፍብህ ሌላ ሰው ነው። እንደዚህ ሳስበው ታሪኩ የፈረንጅ ተረት መሆኑ ይቀራል።

ስኮትላንድ ጥንቆላን በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ያወጣችው በ1563 ነው። ሕጉ የተሻረው በ1736 ነው። በመካከሉ የተከሰሱ ሰዎችን የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመዝገብ እየለቀሙ ሲቆጥሩ በስም የሚታወቁት ብቻ ከ3,000 በላይ ሆኑ። ከመቶው ሰማንያ አምስት ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ከሆሊሩድ ቤተ መንግሥት በር ተነስቼ ሮያል ማይል የሚባለውን መንገድ ሽቅብ ወደ ኤድንብራ ምሽግ ወጣሁ። ሆን ብዬ ነው ከዚያ የጀመርኩት። አግነስ ሳምፕሰን በ1590 መጨረሻ ላይ ንጉሥ ፊት የቀረበችው ሆሊሩድ ነው፤ የሞተችው ደግሞ ላይኛው ጫፍ፣ ካስል ሂል ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ዛሬ በሱፍ ሻርፕና በብስኩት ሱቅ የተሞላ ነው።

አግነስ አዋላጅ ነበረች። የሥራ ባልደረባዬ ማለት ናት። ከኤድንብራ በስተምሥራቅ ካለች ኪት ከምትባል መንደር የመጣች፣ "የኪቷ ብልህ ሴት" እያሉ የሚጠሯት፣ በዕድሜ የገፋች ሴት። ከክሷ ውስጥ ያስለቀሰኝ አለ። ዩፌም ማካልዚን የምትባል ባለጸጋ ሴት ምጧ እንዲቀልላት ረድታለች ተብሎ ነው። ትራስ ሥር ቀዳዳ ያለው ድንጋይ፣ ከአልጋ ሥር ዱቄት። እስቲ አስቡት። የምጥ ሕመም ማስታገስ ወንጀል ሆኖ ተጻፈ። እኔ በየሌሊቱ ተረኛ ሆኜ የማደርገው እሱን ነው፤ መድኃኒቱ ተለየ እንጂ።

በሽተኛ ላይ የምትደግመው ደግሞ ጸሎት ነበር። በግጥም የተሠራ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ሁሉን በያዘው አምላክ አምናለሁ የሚለው። ጸሎቱ አፏ ላይ ከተደነቃቀፈባት ሰውየው አይተርፍም ትል ነበር። ወረኢሉ የነበረችው አያቴ የልምድ አዋላጅ ነበረች፣ ሆድ ስታሽ ከአፏ ማርያም ማርያም የሚለው አይጠፋም ነበር። ያቺ ሴትዮ አያቴን ብታገኛት ኖሮ በደንብ የሚግባቡ ይመስለኛል።

አግነስን ፀጉሯን ላጯት። ራሷን በገመድ አስረው አንድ ሰዓት ያህል አጠበቁባት። ሰውነቷን ፈትሸው የሰይጣን ምልክት አገኘን አሉ። ከዚያ በኋላ የሚፈልጉትን ሁሉ ተናገረች። ሰውም ጠራች። እኔ በዚህ አልፈርድባትም፤ ማንም እንዲፈርድባትም አልፈልግም። ክሷ 53 ነጥብ ነበረው። ጥር ወር 1591 ላይ አንቀው ገደሏትና አቃጠሏት።

ካስል ሂል ላይ ከምሽጉ አደባባይ መግቢያ አጠገብ፣ አንድ ግድግዳ ላይ በ1894 የተሠራ ትንሽ የብረት ምንጭ አለ። ለእነሱ መታሰቢያ ነው የተባለው። እባብ፣ አበባ፣ ሁለት ፊቶች አሉበት። ውኃ የለውም፤ ሰው በውኃው ፈንታ አበባ ያስቀምጥበታል። ከላዩ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። አንዳንዶቹ እውቀታቸውን ለክፋት ተጠቅመውበታል፣ ሌሎቹ ደግሞ በስህተት ተረድተዋቸው ነው የሚል ነገር ይላል። ለክፋት የተጠቀመው ማነው? መታሰቢያ ሠርቶ ግማሹን ጥፋት መልሶ እነሱ ላይ መጫን ምን ይባላል? ዝናቡ እስኪያርሰኝ እዚያው ቆምኩ። ሰዎች አጠገቤ ሆነው የምሽጉን ፎቶ ያነሱ ነበር።

ቀን ሁለት፦ ኖርዝ በርዊክ

አግነስ ከሰይጣን ጋር ተሰበሰበችበት ወደተባለው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኖርዝ በርዊክ ባቡሩ ከኤድንብራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። መንገድ ላይ ፕሬስተንፓንስ በምትባል ከተማ ያልፋል። ብዙ ሰው የተከሰሰባት ቦታ ናት። በ2004 እዚያ የነበረው የአካባቢ የባላባት ፍርድ ቤት 81 ሰዎችን ከክሳቸው ነጻ ብሏቸዋል። ከመስኮት ሳያት ተራ የባሕር ዳር ከተማ ናት።

የአግነስ ነገር ከንጉሡ ጋር የተያያዘው እንዲህ ነው። ንጉሥ ጄምስ 6ኛ፣ ያ በኋላ ስሙ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የቀረው ሰው፣ ከዴንማርክ ልዕልት አና ጋር ሊጋባ ነበር። በ1589 እሷን የያዙት መርከቦች በማዕበል ምክንያት መድረስ አልቻሉም። ንጉሡ ራሱ ተሻግሮ አመጣት፤ በሜይ 1590 ሲመለሱም ባሕሩ አስቸግሯቸዋል። ዴንማርኮች ማዕበሉን ያስነሱት ጠንቋዮች ናቸው ብለው ኮፐንሃገን ውስጥ ሴቶችን ማሰር ጀመሩ። ወሬው እዚህም ደረሰ።

በዚያው ዓመት ትራኔንት በምትባል ከተማ ጌሊስ ደንከን የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። በሽተኛ የማዳን ስጦታ ነበራት፣ ሌሊትም ከቤት ትወጣ ነበር ተባለ። አሠሪዋ ዴቪድ ሲተን በራሱ እጅ አሰቃያት። ጣቷን በብረት ጨመቀው። አመነችና ስም ጠራች። ከተጠሩት አንዷ አግነስ ናት። አግነስ ደግሞ ሌሎች ጠራች። ከዚያ ሌሎቹ። እየተሳበ እስከ ንጉሡ የአክስት... ይቅርታ፣ የአጎት ልጅ እስከ ቦዝዌል መስፍን ድረስ ደረሰ። ጌሊስ ግን ከመገደሏ በፊት በሁለት ሴቶች ላይ የተናገረችው ውሸት እንደነበር ተናዝዛለች። አንዷ ያቺ ምጥ እንዲቀልላት የፈለገችው ዩፌም ናት፤ ያኔ ግን ዩፌም ከነሕይወቷ ከተቃጠለች ወራት አልፈው ነበር።

ሴቶቹ ተሰብስበው ሰይጣን ሰበከላቸው የተባለበት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ወደቡ አጠገብ ነው። ትንሽ ነጭ መግቢያና የመሠረት ድንጋዮች ቀርተዋል። 200 ሰው በወንፊት ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ መጣ ተብሎ ነው የተጻፈው። በወንፊት! ንጉሡ ራሱ መጀመሪያ የለየላችሁ ውሸታሞች ናችሁ ብሏቸው ነበር ይባላል። ከዚያ አግነስ ጠጋ ብላ በሠርጉ ሌሊት ከሙሽራዋ ጋር የተነጋገረውን በጆሮው ነገረችው፣ እሱም አመነ ይላል በዘመኑ የታተመው ጽሑፍ። እውነት ትሁን አትሁን፣ እኔ የማስበው ስለዚያች አሮጊት ድካም ነው። ምን ያህል ቀን ሳትተኛ ቆይታ ይሆን?

ከፊት ለፊት ባስ ሮክ የሚሉት ትልቅ ዐለት ባሕር መሐል ቆሟል። በወፍ ብዛት ነጭ ሆኗል። ነፋሱ ስለበረታ አንድ ሾርባ ጠጥቼ ቶሎ ተመለስኩ።

ቀን ሦስት፦ ደንፈርምሊንና ቶሪበርን

ባቡሩ ፎርዝ ድልድይን ሲሻገር ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። በ1890 የተሠራ ቀይ የብረት ድልድይ ነው፣ በእውነትም ያምራል። ማዶ ያለው ፋይፍ የሚባለው ክፍለ አገር ነው። ደንፈርምሊን ወርጄ ክፍል ያዝኩና ወደ ሊሊያስ መንደር ወደ ቶሪበርን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ደጋ አድጌ ባሕር የማላውቅ ሰው ነኝ። እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። የሊሊያስ ድንጋይ የምትታየው ሲሸሽ ብቻ ነው። እኔ የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ ሲሞላ። ውኃው እስከ ዳር ጢም ብሏል። ምንም የለም። ግራጫ ውኃና ዳክዬዎች ብቻ። ስልኬ ላይ የባሕሩን ሰዓት ሳይ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው የሚሸሸው። ስለዚህ አጥር ሥር ካለ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ታሪኳን እንደገና አሰብኩት።

ሊሊያስ ስድሳዎቹ ውስጥ የነበረች ድሃ ሴት ናት። አንዲት ጎረቤቷ አሳመመችኝ አለች። የመንደሩ ቄስ አለን ሎገን ጥንቆላን በማደን የታወቀ ሰው ነበር። ያዟት፣ ጠየቋት፣ ደጋግመው ጠየቋት። ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ዘዴ እንቅልፍ መንሳት ነበር። ሰው ለቀናት ሳይተኛ ሲቀር የሌለ ነገር ማየት ይጀምራል፤ ይህን እኛ የሌሊት ተረኞች በትንሹም ቢሆን እናውቀዋለን። ጁላይ 29 ቀን አመነች። ከሰይጣን ጋር እህል ማሳ ውስጥ ተገናኘሁ፣ ጥምቀቴን ካድሁ አለች።

ከዚያ ያ የተለመደው ጥያቄ መጣ። ከአንቺ ጋር ማን ነበር? ሁሉም ነገር የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንዷ ሁለት ትጠራለች፣ ሁለቱ አራት ይጠራሉ። ጌሊስን ያሰቃዩት ለዚህ ነው፣ አግነስንም እንደዚሁ። ሊሊያስ ግን ምን አለች መሰላችሁ? ሴቶቹ እንደ ወይዛዝርት ፊታቸውን ተሸፍነው ነበር፣ ማንነታቸውን አላወቅኋቸውም አለች። ስም ስጪ ሲሏት ቀድሞ የታወቀውን ስም ብቻ መለሰችላቸው። አዲስ ሴት አላስያዘችም። መጻፍ የማትችል፣ ጠበቃ የሌላት፣ ያላት ዕድሜና ጭንቅላቷ ብቻ የነበረ ሴት። ራሷን ማዳን አልቻለችም፤ ሌሎቹን የምታድንበትን መልስ ግን እዚያ እስር ቤት ውስጥ ሆና አገኘች። የሻርፕ ጨርቅ በምታህል ሰበብ። እኔ ከዚህ በላይ ብልህነት አላውቅም።

ስም መጥራት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው ሰሞን እዚሁ ፋይፍ ፒተንዊም ውስጥ ጃኔት ኮርንፉት የምትባል ሴት በጥር 1705 በሕዝብ እጅ ሞታለች። በር ጫኑባት፣ በበሩ ላይ ድንጋይ ከመሩበት። ማንም አልተቀጣበትም።

ሊሊያስ ፍርድ ሳይሰጣት እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ስላልተፈረደባት አላቃጠሏትም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግን ነፈጓት። ባሕሩ በሚሞላበትና በሚሸሽበት መካከል፣ የብስ ባልሆነ ባሕርም ባልሆነ ቦታ ጭቃ ቆፍረው ቀበሯትና ተነስታ እንዳትመጣ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑባት። ሞታም ፈሯት።

አላረፈችም። በ1852 የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች መቃብሯን ቆፈሩ። ከሬሳ ሣጥኗ እንጨት ከዘራ ተሠርቶ ለደንፈርምሊን ተወላጁ ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ተሰጠ። የራስ ቅሏ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1938 ግላስጎ ውስጥ በተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ታየ። ከዚያ ጠፋ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፎቶው ግን ተርፎ ነበርና በ2017 የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከፎቶው ተነስተው ፊቷን መልሰው ሠሩ። አይቼዋለሁ። የዋህ ፊት ነው። ሱቅ ሄጄ ወረፋ ላይ ብትቆም "ቅደሚ እናቴ" የምላት ዓይነት ሴት።

ማታ እማዬ ደወለች። 

"የት ነሽ ልጄ? ነፋስ ይሰማኛል።"

ነገርኳት። ጠንቋይ መቃብር ስትይ አልሰማሁም ልበል አለች።

"እማዬ፣ ጠንቋይ አልነበረችም። ዝም ብለው ነው ያሏት።"

ዝም አለች። ከዚያ "ያቺን ሸክላ ሠሪ ታስታውሻታለሽ?" አለችኝ። አስታውሳታለሁ። እኛ ሰፈር ጫፍ ላይ ለብቻዋ የምትኖር፣ ምጣድና ጀበና የምትሠራ ሴት ነበረች። እሷ ስታልፍ ልጆች ፊታችንን እንድንሸፍን ይነገረን ነበር። የምንበላውን ካየች ይጎረብጠናል ተብሎ። እንጀራችን የሚጋገረው ግን እሷ በሠራችው ምጣድ ነው።

"አንድ ቀን ታናሽሽ ታሞ ሳለ እሷ በር ላይ መጥታ ነበር" አለች እማዬ። "ልትጠይቀው ነበር የመጣችው። እኔ በሩን ዘጋሁባት። ጀበና ይዛ ነበር። በር ላይ አስቀምጣው ሄደች።"

ይህን በዕድሜዬ ሙሉ ነግራኝ አታውቅም። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ልጅ የታመመባት እናት ነበረች፣ ፈርታ ነበር። ያም ሆኖ በሩ ተዘግቷል። 

"ነገ እዚያ ስትደርሺ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ለእሷም ነፍስ ይማር በይልኝ። ለእኛዋም።"

ቀን አራት፦ ጭቃው

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝኩ። ጫማዬን በፌስታል ሸፍኜ ቦቲ አደረግሁ፤ ማደሪያው ባለቤት ናቸው ያዋሱኝ። ስደርስ ባሕሩ የለም። ትናንት ውኃ የነበረበት ሁሉ የሚያብለጨልጭ ጭቃ ሆኗል፣ ሽታው ይለያል፣ ወፎች ይለቅሙበታል።

ከውሻቸው ጋር የሚንሸራሸሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሳልጠይቃቸው "ሊሊን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። ሊሊ ነው ያሏት፣ እንደ ጎረቤት። በእጃቸው አቅጣጫውን ጠቆሙኝና ጭቃው የሚያሰምጥ ቦታ ስላለው በድንጋዮቹ ላይ ሂጂ፣ ባሕሩ ሲመለስ ቶሎ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዪ አሉኝ። እሷ መቃብር ላይ በ2019 የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ሰዎች መጥተው እንደነበር ነገሩኝ። በ2022 ደግሞ ያኔ የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጀን በሴቶች ቀን፣ ማርች 8፣ ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ ጠይቃለች። በዚያው ሜይ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያንም ጠየቀች። ሽማግሌው "ሦስት መቶ ዓመት ቆየ" ብለው ውሻቸውን ጠርተው ሄዱ።

ድንጋይዋን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ዙሪያው ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም በባሕር አረም የተሸፈነ። ባለሙያዎች በ2014 ፈልገው እስኪያገኟት ድረስ ብዙ ሰው ረስቷት ነበር፤ ለምን እንደጠፋች አሁን ገባኝ። ሁለቴ ተንሸራትቼ አንዴ በጉልበቴ ወደቅሁ። ከዚያ አየኋት። ሰፊ ናት፣ ጠፍጣፋ፣ ሰው ያነጠፋት መሆኗ የሚታወቅ። ግማሿ አረንጓዴ ናት። ስም የለባትም። መስቀል የለባትም።

አጠገቧ ተንበረከክሁ። እጄን ሳስቀምጥባት በጣም ትቀዘቅዛለች። ብዙ የምለው ያለኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን በሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር ነው የመጣልኝ፤ ሴት ሲያማት እጇን መያዝ። እሱን አደረግሁ። ትንሽ ቆይቼ ነፍስ ይማር አልኩ። ቀጥዬ ስሟን ለማላውቃት ለሸክላ ሠሪዋ ነፍስ ይማር አልኩ። ለአግነስም ለጌሊስም አልኩ። ጉልበቴ በጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ነበር።

ስነሳ በሩቅ ያለው ውኃ ቅርብ ሆኗል። የመጣሁበትን ዱካ ተከትዬ ስመለስ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በውኃ ተሞልተዋል። መንገዱ ላይ ደርሼ ዞር ስል ድንጋይዋን ከሌሎቹ መለየት አልቻልኩም። ቦቲውን አውልቄ ካልሲዬን ጨመቅሁና ለእማዬ "ደርሻለሁ፣ ብያለሁ" ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች፦ "ጀበናውን አልጣልኩትም እኮ። ቡና የማፈላው በእሱ ነው።"